የገበሬው ሂሳብና የእኛ ትምህርት

አገራችን «የተማረ ይግደለኝ» የምትል አባባል አላት። ስንሰማት ነው ያደግነው፤ እንዲያውም ብዙዎቻችን እዚህ ግቢ የደረስነው በእሷ ተገፍተን ነው ቢባል ውሸት አይሆንም። አባባሏ ትምህርትን ታከብራለች። ነገር ግን ከዚያ ጋር አንድ ሌላ ነገር ሹልክ አድርጋ ታስገባብናለች፤ ይኸውም የተማረ ያውቃል፣ ያልተማረ አያውቅም የሚለውን ነው። ከዚህ ሁለተኛ ትርጉሟ ሳንላቀቅ ወደ ገጠር ስንወርድ ታዲያ ገበሬውን «ለማንቃት» ነው የምንወርደው። ለመሆኑ ተኝቷል ያለን ማነው?

በዚህ ጽሑፍ የምናወሳው ይህን ጥያቄ ዕድሜውን ሙሉ ሲያገላብጥ የኖረ አንድ የኢኮኖሚክስ ሊቅ ነው። ስሙ ቴዎዶር ሹልትዝ ይባላል። አሜሪካዊ ሲሆን ለረዥም ዘመን ያስተማረው በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ነበር። ቺካጎ ሲባል ገና ፊታችሁን የምታጨማድዱ እንዳላችሁ እናውቃለን። የዚያ ዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚስቶች ለገበያ ያላቸው ፍቅር የታወቀ ነው፤ እኛም ሰውየውን ከነሙሉ እምነቱ ተሸክመን አልመጣንም። ይሁንና ስለ ገበሬና ስለ ትምህርት ያለው ነገር ለእኛ ለገበሬ ልጆች እንዲሁ የሚታለፍ አይደለም።

ሹልትዝ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1902 በደቡብ ዳኮታ፣ አርሊንግተን ከምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ፣ ከገበሬ ቤተሰብ ነው። ከስምንት ልጆች በኩሩ ነበር። ስምንተኛ ክፍል ላይ ሲደርስ አባቱ ከትምህርት ቤት አስወጣው። አባትየው ትምህርትን የሚንቅ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ልጁ ብዙ ከተማረ እርሻውን ጥሎ ይሄዳል ብሎ ስለሰጋ ነው። ስለዚህ ሹልትዝ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳይረግጥ ጎረመሰ። በኋላ ግን በደቡብ ዳኮታ ስቴት ኮሌጅ ለገበሬ ልጆች ተብሎ የተዘጋጀ፣ የእርሻ ሥራ በሚቀዘቅዝበት በብርዱ ወራት በዓመት አራት ወር ብቻ የሚሰጥ ትምህርት ገባ። ከዚያ ዲግሪውን ያዘ፤ በ1930 ደግሞ ከዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ማዕረግ ተቀበለ። የአባትየው ስጋት ደረሰ ማለት ነው፤ ልጁ ወደ እርሻው አልተመለሰም። ይህችን ነገር ልብ በሉልን፤ እንመለስባታለን።

ሰውየው ማስተማር የጀመረው በአዮዋ ስቴት ኮሌጅ ነው። በ1943፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በተፋፋመበት ጊዜ፣ ከእርሱ የትምህርት ክፍል ኦስዋልድ ብራውንሊ የሚባል ባልደረባ አንዲት ትንሽ ጽሑፍ አሳተመ። ጽሑፏ ማርጋሪን በምግብነቱ ከላም ቅቤ ጋር የሚወዳደር ስለሆነ በሕግ የተጣለበት እንቅፋት ይነሳ የምትል ናት። አዮዋ ደግሞ የላምና የወተት አገር! የወተት አምራቾቹ ማኅበራት ተንጫጩ፤ ኮሌጁም ግፊቱን መቋቋም አቅቶት ጽሑፏ እንድትሰበሰብ አደረገ። ሹልትዝ ይህን በመቃወም ሥራውን ለቀቀና ወደ ቺካጎ ሄደ። እንግዲህ ገበሬን ማክበር ማለት በገበሬ ስም ለሚጮኽ ማኅበር ሁሉ መታዘዝ እንዳልሆነ ሰውየው ገና ያኔ ገብቶታል።

ጦርነቱ ባለቀ ሰሞን ሹልትዝ በአላባማ ክፍለ ሀገር በኦበርን ተቀምጦ ገበሬዎችን ያነጋግር ነበር። አንድ ቀን ካነጋገራቸው መካከል በዕድሜ የገፉ ባልና ሚስት ነበሩ። ድህነታቸው ከቤታቸውና ከማሳቸው ይነበባል፤ ነገር ግን ፊታቸው ላይ እርካታ አየ። ምነው፣ ድሃ ሆናችሁ ሳለ ደስተኞች ናችሁ ቢላቸው፣ ኧረ እኛ ድሆች አይደለንም አሉት። እርሻቸውን አራት ልጆች ኮሌጅ አስተምረው ለማስጨረስ አውለውታል። መሬቱ ደክሟል፤ ሀብቱ ግን አልጠፋም፣ ወደ ልጆቹ ዞሯል እንጂ። ሹልትዝ ይህን ነገር ዕድሜ ልኩን አልረሳውም። ለእኛም እንግዳ ነገር አይደለም፤ ከመካከላችን በሬ ተሽጦለት፣ የእናቱ ጥጃ ተሽጦለት የመጣ ብዙ ነው። የኢኮኖሚክስ መጽሐፍ ግን ያንን በሬ «ፍጆታ» ብሎ ይመዘግበው ነበር።

* * *

በዚያን ዘመን የኢኮኖሚክስ ሊቃውንት የድሃ አገር ገበሬን እንዴት ይስሉት ነበር? አብዛኞቹ በልማድ የታሰረ፣ ዋጋ ቢወጣ ቢወርድ ግድ የማይሰጠው፣ ጉልበቱም ግማሹ በከንቱ የሚባክን አድርገው ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 ከሴንት ሉሺያ ደሴት የተገኘው ታላቁ ኢኮኖሚስት አርተር ሉዊስ በጣም የታወቀ ጽሑፍ አወጣ። ሕዝብ በተጨናነቀባቸው አገሮች በእርሻ ላይ ትርፍ ጉልበት አለ፤ ከዚያ ተቀንሶ ወደ ፋብሪካ ቢወሰድ ምርቱ እምብዛም ሳይጎድል ኢንዱስትሪ ያድጋል የሚል ነው። ሉዊስ ራሱ ገበሬን የሚንቅ ሰው አልነበረም። ነገር ግን ሐሳቡ ወደ ሚኒስቴሮች ሲወርድ መልኩን ለወጠ፤ «ገበሬው ቢኖርም ባይኖርም ያው ነው» ወደሚል ደረሰ። ከዚያም ከገበሬው እየወሰዱ ለከተማ መስጠት ዕቅድ ተብሎ ተጠራ።

ሹልትዝ በ1964 «የልማዳዊ እርሻ ለውጥ» ልንለው የምንችል አንድ መጽሐፍ አሳትሞ ከዚህ አስተሳሰብ ጋር ተጋጠመ። ክርክሩን የመሠረተው ሌሎች ሰዎች መንደር ውስጥ ተቀምጠው በሰበሰቡት ማስረጃ ላይ ነው። አንደኛው ሶል ታክስ የተባለው አንትሮፖሎጂስት በጓቲማላ፣ በአቲትላን ሐይቅ ዳር ባለችው በፓናሃቼል መንደር ያጠናው ነው። የመንደሯ ሰዎች በእጅ መቆፈሪያ እየቆፈሩ በቁራሽ መሬት ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ያለማሉ፤ እቃቸውን ተሸክመው ገበያ ለገበያ ይዞራሉ፤ የት ስንት እንደሚያወጣ ይጠይቃሉ፤ ይከራከራሉ፤ ሳንቲሟን ይቆጥራሉ። ድሆች ናቸው፤ ሂሳባቸው ግን አይዛነፍም። የጉልት ገበያችንን የሚያውቅ አንባቢ ለዚህ ማስረጃ ጓቲማላ መሄድ አያስፈልገውም።

ሁለተኛው ማስረጃ ዴቪድ ሆፐር በሰሜን ሕንድ፣ በሴናፑር መንደር ያደረገው ጥናት ነው። ሆፐር አንድ ብልህ ጥያቄ ጠየቀ። ገበሬዎቹ መሬታቸውን፣ የበሬ ጉልበታቸውን፣ ውሃቸውንና የራሳቸውን ድካም በስንዴ፣ በገብስ፣ በአተርና በሽምብራ መካከል እንዴት ነው የሚያከፋፍሉት? ከአከፋፈላቸው ተነስቶ እነርሱ በልባቸው ለእያንዳንዱ እህል የሰጡትን ዋጋ አሰላ። ያንን ከገበያው ዋጋ ጋር ቢያስተያይ ሁለቱ ተቀራርበው ተገኙ። ፊደል ያልቆጠረው ገበሬ በማሳው ላይ የሠራው ሂሳብ ሊቁ በወረቀት ከሠራው ጋር ገጠመ ማለት ነው። ሹልትዝ ከዚህ የደረሰበት መደምደሚያ ባጭሩ ይህ ነው፦ ገበሬው ድሃ ነው እንጂ አባካኝ አይደለም።

ሦስተኛው ማስረጃ ግን አከራካሪ ነበር። በ1918 እና በ1919 የኅዳር በሽታ ብለን የምናውቀው ወረርሽኝ በሕንድ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው ፈጀ። ሹልትዝ እንዲህ አለ፦ በእርሻ ላይ እውነት ትርፍ ጉልበት ከነበረ፣ ይህን ያህል ሕዝብ ካለቀ በኋላም የተዘራው መሬት መቀነስ አልነበረበትም፤ ግን ቀነሰ፤ ስለዚህ ትርፍ ጉልበት የሚባለው ተረት ነው። ለዚህ መልስ የሰጠው አማርትያ ሴን ነው። በ1967 ባወጣው ጽሑፍ፣ በሽታ ሰውን ከየቤቱ እኩል እየመረጠ አይወስድም፤ አንዱን ቤት ዘግቶ ሌላውን ይተወዋል፤ የተዘጋው ቤት መሬት ጦም ቢያድር በጎረቤት ቤት ትርፍ ጉልበት የለም ለማለት አያበቃም ሲል ተከራከረ። እኛ እዚህ ላይ ወደ ሴን እናደላለን። የሞት ቁጥር የሥራ ገበያ ሙከራ ተደርጎ ሲነበብም ትንሽ ይቀፈናል። ይሁንና ከሦስቱ አንዱ ምሰሶ ቢነቃነቅ ቤቱ አይፈርስም፤ የሴናፑርና የፓናሃቼል ምስክርነት በቦታው ነው።

* * *

ታዲያ ገበሬው ይህን ያህል ከተጠበበ ለምን ድሃ ሆነ? የመጽሐፉ ዋና ነገር እዚህ ላይ ነው። ገበሬው ያለውን ሁሉ እስከ ጫፍ አሟጦ ተጠቅሞበታል። ያው ሞፈር፣ ያው ዘር፣ ያው መሬት ነው፤ ከእነዚህ ሌላ ምን ይጨመቃል? ስለዚህ «ጠንክረህ ሥራ፣ ቆጥብ» እያሉ መስበክ ነገር ማባከን ነው። የሚያስፈልገው ቀድሞ ያልነበረ አዲስ ነገር ነው፤ አዲስ ዘር፣ ማዳበሪያ፣ መንገድ፣ ከዚያም ይህን አዲስ ነገር መርምሮ የሚጨብጥ እውቀት። ትምህርት ወደ ክርክሩ የገባው በዚህ በር ነው።

ሹልትዝ በ1960 የአሜሪካ ኢኮኖሚስቶች ማኅበር ፕሬዚዳንት ሳለ ባደረገው ንግግር፣ ትምህርት ፍጆታ ሳይሆን መዋዕለ ንዋይ መሆኑን አብራራ። «የሰው ካፒታል» የሚለው ቃል ከዚያ ወዲህ ተስፋፋ። በዚያው ዓመት ባሳተመው ሌላ ጽሑፍ ደግሞ የትምህርትን ወጪ አሰላ። የመምህር ደመወዝና የሕንፃ ኪራይ ብቻ አልቆጠረም፤ ተማሪው በመማሩ ሳይሠራ የቀረውን ሥራ፣ ሳያገኝ የቀረውን ገቢም ጨመረ። ሲደመር ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ወጪ ከግማሽ በላይ የሆነው ይኸው የቀረ ገቢ ሆኖ ተገኘ።

አሁን ወደ ደቡብ ዳኮታው አባት እንመለስ። ያ ሰው ልጁን ከትምህርት ቤት ሲያስወጣ ይሠራ የነበረው ይህንኑ ሂሳብ ነው። ትምህርት በነፃ ቢሰጥም ለገበሬ ቤት ነፃ አይደለም። ልጅ ትምህርት ቤት ሲውል ከብቱን ማን ይጠብቃል? ውሃውን ማን ይቀዳል? በአረምና በአጨዳ ጊዜ ማን ይደርሳል? እኛ ይህን ሲጠይቁ ስንሰማ «ያልነቃ ወላጅ» እንላለን። ወላጁ ግን ነቅቷል፤ የነቃውም ለሂሳቡ ነው። ሴት ልጅ ከቤት የምትቀርበትም ምክንያት፣ ሌላው ሌላው እንዳለ ሆኖ፣ ከዚሁ ሂሳብ ጋር የተያያዘ ነው። ሰበካው ሂሳቡን አይለውጠውም፤ የትምህርት ቤቱ ርቀት ቢያጥር፣ የትምህርቱ ሰዓትና ወራት ከአጨዳ ጋር ባይጋጭ ግን ይለወጣል። ሹልትዝ ራሱ የተማረው በዓመት አራት ወር፣ እርሻ ጋብ ሲል በሚሰጥ ትምህርት መሆኑን አንርሳ።

ትምህርት ለገበሬ መቼ ይጠቅማል ለሚለው ጥያቄም መልስ ቀስ በቀስ ተገኘ። የቺካጎ ተማሪ የነበረው ዝቪ ግሪሊከስ፣ ከናዚ ማጎሪያ የተረፈ ሊትዌኒያዊ ይሁዲ፣ በ1957 ባወጣው ጥናት ድቅል የበቆሎ ዘር በአሜሪካ ክፍላተ ሀገር እንዴት እንደተስፋፋ አሳየ። የአዮዋ ገበሬ ቶሎ፣ የደቡቡ ዘግይቶ የተቀበለው አንዱ ብልህ ሌላው ደንቆሮ ስለሆነ አልነበረም፤ የትርፉ ልክ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይና ለየአካባቢው የሚስማማው ዘር በየጊዜው ስለደረሰ ነው። ሹልትዝ በ1975 እንዳስረዳው ደግሞ፣ ነገር ሁሉ እንደ አባት አያት በሚሄድበት ቦታ ትምህርት ለአራሹ የሚጨምረው ጥቂት ነው፤ አዲስ ዘር፣ አዲስ ዋጋ፣ አዲስ በሽታ መጥቶ የቀድሞው ሚዛን ሲናጋ ግን የተማረው ቶሎ አንብቦ ቶሎ ይወስናል። በ1980 ማርሊን ሎክሂድ፣ ዲን ጃሚሰንና ሎረንስ ላው በብዙ አገሮች የተሠሩ ጥናቶችን ሰብስበው ሲመረምሩ፣ አራት ዓመት የተማረ ገበሬ ምርት ካልተማረው በአማካይ 7.4 በመቶ ያህል በልጦ ተገኘ፤ ብልጫው ጎልቶ የታየውም አዲስ ነገር በገባበት አካባቢ ነበር።

ተቃዋሚም አልጠፋም። ሳሙኤል ቦውልስና ኸርበርት ጊንቲስ በ1975፣ «የሰው ካፒታል» የሚለው ሐሳብ ሠራተኛውን በወረቀት ባለካፒታል አድርጎ የመደብን ነገር ይሸፍናል ብለው ነቀፉ። ነቀፌታው ቦታ አለው። በሹልትዝ መጽሐፍ ውስጥ መሬቱ የማን እንደሆነ፣ እኩሌታውን ምርት ማን እንደሚወስድ ብዙ አይነገርም። ለጭሰኛ ልጅ ይህ ትንሽ ጉድለት አይደለም። ከዚያ በኋላ በ1979 የኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ለሹልትዝና ለአርተር ሉዊስ በጋራ ተሰጠ። ሁለት ተከራካሪዎች አንድ ዳቦ ተካፈሉ ማለት ነው። ሹልትዝ በ1998 አረፈ።

* * *

ይህ ሁሉ ለእኛ ምናችን ነው የሚል ካለ፣ የራሳችንን ታሪክ በዚህ መስተዋት እንይ። በ1967 ዓ.ም. በእድገት በኅብረት የእውቀትና የሥራ ዘመቻ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ወርደዋል። በዚያው ዓመት በየካቲት የወጣው የመሬት አዋጅ ሹልትዝ ያለፈውን ትልቅ ጥያቄ መለሰ፤ ጭሰኝነት ቀረ። በ1971 ዓ.ም. ደግሞ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀምሮ እጅግ ብዙ ሰው ማንበብና መጻፍ ተማረ። ይህን ማቃለል ግፍ ነው። ነገር ግን በዚያው ዘመን መንግሥት የእህል ገዢ ድርጅት አቋቁሞ በየገበሬ ማኅበሩ ኮታ ጣለ፤ ዋጋውን ከገበያ በታች ወሰነ፤ በየኬላው እህል አገደ። ኮታውን ለመሙላት ያላመረተውን እህል ከገበያ በውድ ገዝቶ ለመንግሥት በርካሽ ያስረከበ ገበሬ ነበር። በአንድ እጅ ፊደል፣ በሌላው እጅ ኮታ! ማንበብ የተማረው ገበሬ ምን አንብቦ ምን ይወስን? ዋጋው ተወስኗል፤ የሚሸጥበት ቦታ ተወስኗል። ኮታው የተነሣው በ1982 ዓ.ም. ነው።

ገበያው ሲከፈት ደግሞ ሌላ ትምህርት መጣ። ገበሬው ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በብድር እየወሰደ በቆሎ አመረተ። በ1994 ዓ.ም. ምርቱ ሞላ፤ ዋጋው ግን ተንኮታኮተ፤ የአጨዳውን ወጪ እንኳ ስለማይመልስ በቆሎውን ከማሳው ሳያነሳ የተወ ነበር። ብዙዎች በሚቀጥለው ዘመን ማዳበሪያ ቀነሱ። በላዩ ዝናብ ጠፋና በ1995 ዓ.ም. ከ13 ሚሊዮን በላይ ሰው እርዳታ ጠባቂ ሆነ። የምክር ሠራተኛው ያስተማረው ትምህርት ስሕተት አልነበረም፤ ማሳው ላይ ቆሞ ገበያ ሳይደርስ ቀረ እንጂ።

ስለዚህ ገበያ ካጠኑት አንዷ የአገራችን ልጅ እሌኒ ገብረ መድኅን ናት። እ.ኤ.አ. በ1998 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት ያቀረበችው ጥናት ስለ ኢትዮጵያ የእህል ንግድ ነበር። ነጋዴው እህሉን ሳያይ፣ ሰውየውን ሳያውቅ መገበያየት ስለማይችል ደላላን እንዴት መተማመኛ እንዳደረገው አሳይታለች። ከዚህ ሐሳብ ተነስቶ በ2000 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በእርሷ መሪነት ሥራ ጀመረ። ሆኖም ለእህል ታስቦ የተጀመረው ገበያ ዋና ሥራው ቡናና ሰሊጥ ሆነ፤ የጤፍና የበቆሎው ገበሬ ከደላላው ጋር እንደነበረ ቀረ።

ስለ ትምህርቱስ? የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተባብረው እ.ኤ.አ. በ1994 በ15 የገጠር መንደሮች ወደ 1,500 የሚጠጉ ቤተሰቦችን ጠይቀዋል። ሻራዳ ዌር ያንን መረጃ ተንትና ሁለት ነገር አገኘች። አንደኛ፣ ትምህርት በአራሹ ምርት ላይ ጎልቶ የሚታየው ቢያንስ አራት ዓመት ሲሆን ነው፤ ሁለት ዓመት ተምሮ ያቋረጠ ልጅ ወጪውን ከፍሎ ጥቅሙን አላገኘም። ሁለተኛ፣ ጥቅሙ በተማረው ቤት አያቆምም፤ ለጎረቤት ይተርፋል። በኋላም ከጆን ናይት ጋር ሆና እንዳሳየችው፣ ማዳበሪያ ቀድሞ የሚሞክረው የተማረው ሲሆን ያልተማረው ከአጥር ማዶ አይቶ፣ አመዛዝኖ ይከተላል። ያልተማረው ተኝቶ ቢሆን ኖሮ ማን ያይ ነበር?

እንግዲህ ነገሩን ስንሰበስበው፣ ገበሬው ሂሳብ አላነሰውም። ያነሰው ለሂሳቡ የሚሆን አዲስ ነገርና ሂሳቡን የማያፈርስበት ገበያ ነው። እኛ የተማርነው ደግሞ ለዚህ ሁለቱ ካልሆንን፣ የተሸጠው በሬ በእርግጥም ፍጆታ ሆኖ ቀረ ማለት ነው፤ ያ የድሮ መጽሐፍ ልክ ሊሆን ነው።

ስለዚህ አንድ ነገር እንጠይቃችኋለን። ክረምት ሲመጣ ወደየቤታችን እንሄዳለን። የዚያን ጊዜ ለማስተማር ከመቸኮላችን በፊት አባቶቻችንንና እናቶቻችንን እንጠይቅ። የትኛውን ማሳ ለጤፍ፣ የትኛውን ለበቆሎ አደረጋችሁ? ለምን? መቼ ሸጣችሁ፣ ለማን፣ በስንት? የማዳበሪያውን ዕዳ በምን ከፈላችሁ? እኛን ለማስተማር ስትነሱ ምን ተሸጠ፣ ምንስ ሳይሠራ ቀረ? መልሱን በደብተር ጽፈን እንመለስ። ሆፐር ይህንኑ ለመጠየቅ እስከ ሴናፑር ተጉዟል፤ እኛ ግን እዚያው ተወልደን አንድ ቀን ሳንጠይቅ ነው የመጣነው።